የጧቱ ነው የከሰዓቱ?

በቃለ ጉባኤ አያያዝ 10 ከ10 ያገኘሁ ሰው ነኝ። ውጤቱን ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

የሕግ ተማሪ ነበርኩ፣ የመጨረሻ ዓመት። ለተግባር ልምምድ ጓደኞቼ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ሲደርሳቸው እኔ ባሕር ዳር፣ ክልል ምክር ቤት ደረሰኝ። «እኛ ሰው ሲካሰስ እናያለን፣ አንተ ሰው እጅ ሲያወጣ ታያለህ» ብለው አሾፉብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። የመመረቂያ ጽሑፌ ክልሎች በትምህርት ጉዳይ ላይ ስላላቸው ሕግ የማውጣት ሥልጣን ነበር። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። አገር አቀፍ የትምህርት መመዘኛ የሚያወጣው ፌዴራል ነው ይላል።

ረቂቅ አዋጅ ጉባኤ ላይ እጅ ሲወጣለት ያየ ሰው የቀረበ ማዕድ ነው ያየው። ወጡ የሚሠራው ጓዳ ነው። ቢሮው ያረቃል፣ መስተዳድር ምክር ቤቱ፣ ማለትም የክልሉ ካቢኔ፣ ያየዋል፣ ከዚያ ወደ ምክር ቤቱ ይመጣና ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ባለድርሻ የሚባሉትን ጠርቶ ያወያያል፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ሲጸድቅ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ ሕግ ጋዜጣ ላይ ይታተማል። እኔ ጓዳው ውስጥ ነበርኩ። ሥራዬም ቃለ ጉባኤ መያዝ።

ያን ቀን ውይይቱ አንድ ትምህርት ነክ ረቂቅ ላይ ነበር። ሐተታ ዘምክንያቱ፣ ረቂቁ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ጽሑፍ፣ ተነበበ፣ ሻይ ተጠጣ። የመጻሕፍት እጥረት ተነሳ፣ የመምህራን ደመወዝ ተነሳ። እነዚህ ረቂቁ ውስጥ ኖሩም አልኖሩም ይነሳሉ። ከዚያ ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ከአንዱ፣ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል የተጠሩ እናት ማይክ ተሰጣቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይኼ "ትምህርት ቤት ከሕፃናት መኖሪያ በተመጣጣኝ ርቀት ይቋቋማል" ያላችሁት፣ በየብስ ነው በውኃ?»

መድረክ ላይ የነበረው ባለሙያ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ርቀት ርቀት ነው። በኪሎ ሜትር ይለካል።»

«ኪሎ ሜትሩን ውኃው ላይ ማን ቸከለው ልጄ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መቼም አልዋሽም። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«የእኛ ልጆች በታንኳ ነው የሚሻገሩ። ጧት ሐይቁ ተኝቶ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ቤታቸው ይርቃል። እናንተ የጻፋችሁት ርቀት የጧቱ ነው የከሰዓቱ?»

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ካርታ አይጠይቅም። ጧት መስተዋት የመሰለው ውኃ ከሰዓት ማዕበል ያነሳል፣ የደንገል ታንኳ ደግሞ መርከብ አይደለም። ባለሙያው ግን ጉሮሮውን ጠረገና የትምህርት መመዘኛ የፌዴራል ሥልጣን እንደሆነ፣ ክልሉ ተነስቶ መለኪያ ሊቀይር እንደማይችል አብራራ። እኔ ከታች ራሴን ነቀነቅሁ። 51/3! ደብተሬ ላይ ሁሉ አሰመርኩበት።

አሁን ሳስበው እናትየዋ መመዘኛ ቀይሩ አላሉም። እዚያው ክልል ውስጥ የተጻፈ ረቂቅ ላይ ያለች አንዲት ቃል ምን ማለት እንደሆነች ነው የጠየቁት። ክልሉ ደግሞ በሥልጣኑ ሥር ባለው ጉዳይ ሕግ ማውጣት እንደሚችል አንቀጽ 50ም 52ም ይናገራሉ። በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌአለሁ እኮ! ምዕራፉ ነጠላ ለብሶ ፊቴ ሲቆም ግን አላወቅሁትም።

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በአንቀጹ አጻጻፍ ላይ የግልጽነት ጥያቄ ተነስቶ በባለሙያ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል።»

ቢሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለምደው ይህን አጻጻፍ ነው። ተነስቶ፣ ተሰጥቶ፣ ተብራርቶ። ማን አነሳው? ምን አለ? አይታወቅም። ነገሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ የሚነሳና በራሱ ጊዜ የሚተኛ ይመስላል።

ምሳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ረቡዕ ነበር። እሳቸው ሽሮ አዘዙ፤ ባለሙያው «ዓሣ ጾም አይገድፍም» ብሎ ቆሮሶ አስጠበሰ። (ይህን ክርክር ባሕር ዳር ላይ አዋጅ ቢወጣም አይፈታውም።) እሳቸው በእጃቸው የጎረሱትን ውጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ስትጽፍ አይቼሃለሁ። ያልኩትን ጻፍከው?»

«አዎ እማማ።»

«እስኪ አንብብልኝ። መነጽሬን ረስቼው መጣሁ እንጂ ራሴው ባየሁት።»

ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ሸፍኖታል።

«አዳራሽ ትቼው መጣሁ» አልኩ።

«ይሁን፤ ዋናው መጻፉ ነው። ዕድሜ ይስጥህ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው መርቆኛል። እንደዚያች ምርቃት የከበደችኝ የለችም። ውሸቴ እኮ ሙሉ ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ጽፌዋለሁ፣ አንድ መስመር። ግን ባነብላቸው ራሳቸውን እንደማያገኙት ስለማውቅ ነው ደብተሩን የደበቅሁት።

ምሳ እንዳበቃ ተነሱ። ከእሳቸው ጋር ከዚያው አቅጣጫ የመጡት ሦስት ሰዎችም ተነሱ። «ሐይቁ ሳይነሳ እንግባ» አሉ። ያቺ «ተመጣጣኝ ርቀት» ያለችበት አንቀጽ በዝርዝር የታየችው ታዲያ መቼ መሰላችሁ? ከሰዓት። በውኃ የመጣ አንድም ሰው አዳራሹ ውስጥ በሌለበት። ጥያቄያቸውን ነፋሱ ራሱ መለሰላቸው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም፤ ምሳ በልቼ እንቅልፍ እየታገለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተስተካከለው ረቂቅ መጣ። አንቀጿ ላይ «ርቀትንና የመጓጓዣ ሁኔታን ባገናዘበ መልኩ» የሚል ተጨምሯል። ያው ባለሙያ ቆሞ «በእኛ በኩል ባደረግነው ጥልቅ ግምገማ ያገኘነው ክፍተት ነው» አለ። ኮሚቴው አመሰገነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ።

እጄን ላወጣ ፈለግሁ። ታዛቢ እጅ አያወጣም። ደግሞስ ምን ብዬ? ማስረጃው ቃለ ጉባኤው ነው፣ ቃለ ጉባኤው የእኔ ነው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ እናትየዋ የሉም። ሰውየው ሰረቀ ብል እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ የተውኩለት እኔ ነኝ። ቂም የለኝም። ባለሙያው አሁን ሕዝብን ስለሚያሳትፍ የሕግ አወጣጥ ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ይቅናው።

ልምምዱ ሲያልቅ የሥራ ኃላፊዬ የግምገማ ቅጼን ሞላልኝ። ከቃለ ጉባኤ አያያዝ ትይዩ 10፣ ከጎኑ ደግሞ «አጭርና ግልጽ»።

ተመርቄ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁ። እዚያም ቃለ ጉባኤ ያዝ ተባልኩ። ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ሰው ያለውን፣ እንዳለው፣ ከነስሙ እጽፋለሁ ብዬ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ጽፌ 9 ገጽ ሆነ። አለቃዬ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ይኼ ሁሉ ምንድነው ልጄ? ልብ ወለድ ነው እንዴ? ማን ያነበዋል?»

ማታውን ቁጭ ብዬ ወደ 2 ገጽ አወረድኩት።