ከሕግ ያፈነገጡትን ግሶች ስለ ማስተማር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው ሕፃናት ያለፈውን ጊዜ ለመግለጽ በግሱ መጨረሻ ላይ «ኤድ» መጨመርን ከተማሩ በኋላ፣ ቀድሞ በትክክል ይሉት የነበረውን «ዌንት» (ሄደ) ትተው፣ «ጎ» ላይ «ኤድ» ጨምረው «ጎድ» ማለት ይጀምራሉ። ይህ አንዳንድ ወላጆችን ያስደነግጣል፤ እኔ ግን ሕጉ እንደ ገባቸው ምልክት አድርጌ እወስደዋለሁ፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሕፃናትም ያው በዚሁ መንገድ ያልፋሉ።

አስቸጋሪው ነገር በእንግሊዝኛ ከሁሉም በላይ የሚዘወተሩት 10 ግሶች በሙሉ ከሕግ ያፈነገጡ፣ ማለትም ያለፈ ጊዜያቸው በ«ኤድ» የማይሠራ መሆናቸው ነው። ቢሆንም ዝርዝሩን በፊደል ተራ ማስሸምደድ አልወድም (ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሠንጠረዥ ከጌጥነት ብዙም አያልፍም)። ድምፃቸው የሚመሳሰለውን፣ ማለትም «ሲንግ ሳንግ»፣ «ሪንግ ራንግ»፣ «ድሪንክ ድራንክ» የሚሉትን በአንድነት አሰባስቤ፣ የቆሎ ተማሪ ቃሉን እንደሚያጠና በዜማ አስብላቸዋለሁ። «ፑት» እና «ከት» ስለማይለወጡ ጊዜ አይፈጁም።

ከዚያ የገበያ ውሏቸውን ያወሩልኛል። አንዲት ልጅ «ማይ ማዘር ሴልድ ጤፍ» ስትል አላቋርጣትም፤ «ሺ ሶልድ ጤፍ? ኤንድ ዋት ዲድ ሺ ባይ?» ብዬ ትክክለኛውን ቅርጽ በጥያቄዬ ውስጥ አስገብቼ ወሬውን አስቀጥላታለሁ። «ሺ ባይድ ሶልት» ብላ ስትመልስልኝ ደግሞ የ«ቦት» ተራ ይደርሳል።