በሰው ሆስፒታል ውስጥ ያለ የከብት ሐኪም

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ ሰው በሚታከምበትና ስለ ሰው በሽታ ምርምር በሚካሄድበት ትልቅ የሕክምና ማዕከል ነው። የተማርኩት ግን የእንስሳት ሕክምና ነው። የኩታበር ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ለዕረፍት ደሴ በገባሁ ሰሞን በየዘመዱ ቤት፣ በየቡናው ላይ የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ የከብት ሐኪም ሰው ሆስፒታል ገብቶ ምን ይሠራል? አክስቴማ ሳትሸፋፍን፣ «የኔ ዓለም፣ ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ፣ ባሕር ተሻግረህ የምታክመው አይጥ ነው?» አለችኝ። ለእሷ የመለስኩላትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በተለይ ከወሎም ከጎንደርም በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው ቀጣዩ መንገድ የጠፋባቸው ልጆች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ሥራዬ ፓቶሎጂ ነው፤ በሽታ በአካል ላይ ያደረሰውን ለውጥ አይቶ መለየት ማለት ነው። አንድ ተመራማሪ ለካንሰር ወይም ለስኳር በሽታ መድኃኒት ሲያስብ፣ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በአይጥ ይፈትነዋል። ጥናቱ ሲያበቃ አይጦቹ ወደ እኛ ክፍል ይመጣሉ። ከፍተን ሳንባውን፣ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ ኩላሊቱን አንድ በአንድ እናያለን፤ ከየአካሉ ቆርጠን ፎርማሊን በሚባል፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ እናስቀምጣለን። ቴክኒሻኖቹ ሥጋውን በፓራፊን ሰም ይዘው አራት አምስት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በሆነ ቅጥነት ይቆርጡትና ቀለም ቀብተው በስላይድ፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ በሚታይ መስታወት ላይ፣ ያመጡልኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የዐይን ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የትኛው አይጥ መድኃኒቱን እንደወሰደ ሳይነገረኝ ነው የማነበው፤ ልቤ ወደ አንዱ ወገን እንዳያጋድል።

አንድ የልብ ሐኪም፣ በሙያው የተከበረ ሰው፣ የብዙ ጊዜ ልፋቱን ሊተወው ደርሶ መጣ። መድኃኒቱን የወሰዱት አይጦች ልባቸው ላይ ካልሲየም ተከማችቶ ተገኝቷል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ልብ ይጎዳል ብሎ ደምድሟል። ስላይዱን አየሁት። ክምችቱ በቀኙ የልብ ክፍል፣ በውጭኛው ሽፋን በኩል ነው። አይጦቹ ደግሞ ባልብ-ሲ የሚባለው ዘር ናቸው፤ ይህ ዘር ማንም ሳይነካው በገዛ ራሱ ይህን ያወጣል። መድኃኒት ያልወሰዱትን አይጦች ልብ እስከዚያ ድረስ ማንም አላየውም ነበር። እሱንም አስቆርጬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት፤ እነሱም ላይ አለ። የሰው ፓቶሎጂስት የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የአይጥን ዘር ከነጠባዩ አልተማረም፤ የእኛ ትምህርት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የዝርያ ልዩነት ነው። የእንስሳት ሐኪም በዚያ ቤት ቦታ ያገኘው በችሮታ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከአይጥ ክፍል ውጭም ይህ ሙያ ሰው አድኗል። እ.ኤ.አ. በ1999 ነሐሴ ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በአንጎል ብግነት ይታመሙ፣ ይሞቱም ጀመር። መጀመሪያ ሴንት ሉዊስ ኤንሰፍላይትስ የሚባለው በሽታ ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ ቁራ ይረግፍ ነበር፤ በብሮንክስ የአራዊት ማቆያም ወፎች ይሞቱ ነበር። የማቆያው ፓቶሎጂስት ዶክተር ትሬሲ ማክናማራ የሞቱትን ወፎች ከፍተው መረመሩ። የተባለው በሽታ ወፍን እንደዚያ እንደማይጨርስ ያውቃሉ። የሰዎቹና የወፎቹ ነገር አንድ ነው፣ የተሰጠውም ስም ልክ አይደለም ብለው ሙግታቸውን አልተዉም። በመጨረሻ ዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ጊዜ ድረስ በአሜሪካ አህጉር ታይቶ አያውቅም ነበር።

አክስቴ የኒው ዮርክ ወፍ ብዙም አልያዛትም፤ የያዛት «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ነው። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን መጣ። ወሎ ውስጥ ይህን ከአያቶቹ አፍ ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ከብት ሲያልቅ ሰው እንደሚከተል ለእሷ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ መታወጁን ነገርኳት፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ቫይረሱም ከልጆች ኩፍኝ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ስጨምርላት፣ «እንግዲያማ አብሽር፣ የሰውም ሐኪም ነህ» አለችኝ። ከማንም ከሰማሁት ምስጋና ይህ በልጦብኛል።

መንገዱን ሳላሳምር ልናገር። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙያ የስፔሻሊስትነት ማረጋገጫ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው የአሜሪካ የእንስሳት ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ነው። ከእንስሳት ሕክምና ዲግሪ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ሬዚደንሲ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበት የስፔሻሊስት ሥልጠና፣ አለ፤ ከዚያ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ከባድ ፈተና። ምርምር ማዕከል ውስጥ መግባት የሚፈልግ በዚህ ላይ ፒኤችዲ ቢጨምር ይመረጣል። የማውቃቸው ያገራችን ልጆች ባመዛኙ መጀመሪያ በፒኤችዲ ስኮላርሺፕ ገብተው ነው ሬዚደንሲ የፈለጉት፤ ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ገንዘብን የሚያስቀድም ሰው መድኃኒት አምራች ኩባንያዎች ጋ ቢሄድ ይሻለዋል፤ እዚያ ያሉት ከእኛ የተሻለ ይከፈላቸዋል። እኔ የቀረሁት ዛሬ የሳንባ ዕጢ፣ ነገ የኩላሊት በሽታ እያየሁ ወጣት ሐኪሞችን ማስተማሩ ስለሚመቸኝ ነው። ዋጋም አለው። ለፈተና ስዘጋጅ ገናም ሆነ የጎረቤቶቻችን መውሊድ የሚደርሰኝ በስልክ ነበር፤ አባቴ ሲታመምም አጠገቡ አልነበርኩም።

ደሴ ሳለሁ አንዲት የዘመድ ልጅ፣ ተመርቃ ወረዳ ላይ የምትሠራ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ሆኜ ምን ልጀምር?» አለችኝ። ቄራ ሂጂ አልኳት። በኛ አገር ቄራ የሚታየውን የጉበት ትልና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ እኔ አብሬያቸው የምሠራቸው አሜሪካውያን ሬዚደንቶች በአብዛኛው በመጽሐፍ ብቻ ነው የሚያውቁት። አባ ሰንጋ የተጠረጠረን በድን ግን በፍጹም እንዳትከፍቺ፤ ከተከፈተ አየር ያገኘው ጀርም ስፖር (በቀላሉ የማይሞት፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ጀርም) ሆኖ መሬቱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ለምርመራ ሥጋ ስትቆርጪ ቀጭን ይሁን፤ ፎርማሊኑ የሥጋውን አሥር እጥፍ ይሁን፤ አለዚያ መሐሉ ሳይደርስለት ይበሰብሳል። ኮምቦልቻ ያለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ቅርብሽ ስለሆነ የተከፈተ እንስሳ ሲኖር አብረሽ ለመቆም አስፈቅጂ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያየሽውን ጻፊ፤ የበሽታውን ስም ሳይሆን ያየሽውን።

ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያ ጽሑፏን ላከችልኝ፤ «የበጉ ሳንባ ተበላሽቷል» ይላል። የትኛው ክፍል? ምን ዓይነት ቀለም? ሲነኩት ለስላሳ ነው ጠንካራ? ብዬ መለስኩላት። ቀጥሎ የመጣው እንዲህ ይል ነበር፦ «የሁለቱም ሳንባዎች የፊትና የታች ክፍል ጥቁር ቀይ፤ ሲነኩት እንደ ጉበት የጠጠረ፤ ከጤነኛው ክፍል በግልጽ መስመር የተለየ፤ ሲቆረጥ ከአየር ቧንቧዎቹ መግል ይወጣል፤ ቁራጩ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል።» ከድንበሩ ላይ፣ ከታመመውም ከጤነኛውም ይዘሽ ቆርጠሽ ፎርማሊን ውስጥ አስቀምጪው አልኳት።