የአልዛስ-ሎሬን ሐዲድ ሞዴላችን፦ መሻገሪያው ሠራ

በአልዛስ-ሎሬን (ፈረንሳይ ከጀርመን በምትዋሰንበት አካባቢ) የባቡር ሐዲድ ትንሽ ሞዴላችን ላይ ሲያስቸግር የከረመው መሻገሪያ፣ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ የሚያልፍበት ቦታ፣ በመጨረሻ ሠርቷል፤ ባቡሩ ፉርጎዎቹን በሙሉ ጎትቶ፣ አንዱም ሳይላቀቅ ያልፋል። ጅማ ሐዲድ ባይኖራትም ጥሩ ጣውላና ጥሩ አናጢ አላት፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ታሪኩን በአጭሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1871 በፍራንክፈርት ውል ጀርመን አልዛስንና የሎሬንን ከፊል ስትወስድ ሐዲዱንም በ325 ሚሊዮን ፍራንክ ገዛች። ገንዘቡ ፈረንሳይ ከምትከፍለው የ5 ቢሊዮን የጦር ካሳ ላይ ተቀነሰ። ካርታ ስትሠሩ ሎሬንን ሙሉ በሙሉ ለጀርመን አትስጡ፤ ከሎሬን ከተሞች ሜስ ወደ ጀርመን ስትሄድ ናንሲ ፈረንሳይ ቀርታለች። ድንበሩን ሳያሰምሩ ሎኮሞቲቭ መምረጥ፣ በእኛ እምነት፣ ሥራን ከጭራው መያዝ ነው።

ጣጣው ያለው ድንበሩ ላይ ነው። በፈረንሳይ ጥንድ ሐዲድ ላይ ባቡር ግራውን ይይዛል፤ በአልዛስ ግን ጀርመኖቹ ወደ ቀኝ አዞሩት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ስትመለስ ሲግናሉም ጣቢያውም ለቀኝ የተሰናዳ ስለነበር እንዳለ ተወችው፤ ዛሬም ቀኝ ነው። ስለዚህ በድሮው ድንበር አካባቢ አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ አልፎ ቦታ ይለዋወጣሉ።

በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፤ የሐዲድ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር) ከታችኛው ሐዲድ እስከ ላይኛው 8 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ በ2 በመቶ አቀበት ማንሳት በየጎኑ 4 ሜትር ይበላል፤ የማን ቤት ይችለዋል? መፍትሔው አንዱን 4 ሴንቲ ሜትር አንስቶ ሌላውን 4 ዝቅ ማድረግ ነው። አቀበቱ በድንገት ከጀመረ ማያያዣው ተነስቶ ፉርጎው ይላቀቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው 25 ሴንቲ ሜትር በ1 በመቶ፣ መሀሉ 175 ሴንቲ ሜትር በ2 በመቶ ይሁን። ድምሩ 2.25 ሜትር ነው። ባለ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በሞራሌ ካልተደገፈ ይረግባል። በጅማ ክረምት ደግሞ ላዩን ብቻ ቫርኒሽ መቀባት ጉዳት ነው፤ ሥሩ እርጥበት ስቦ ያብጥና ይጣመማል። ሁለቱንም ገጽና የተቆረጠውን ጠርዝ ቀቡ፣ ከደረቀ በኋላ እንደገና በውሃ ልክ እዩት።

አሁን የቀረው ሲግናል ነው፦ ከፈረንሳይ በኩል ወደ አልዛስ ከተማ ስትራስቡርግ ለሚሄድ ባቡር ከመሻገሪያው በፊት በግራ፣ ካለፈ በኋላ በቀኝ ይተከላል።