የፀሐይ ነፋስን ከአዲስ አበባ ጓሮ በ1.2 ሜትር ጉድጓድ መከታተል

የፀሐይ ነፋስ ራሱ መሬት ላይ አይደርስም። በሴኮንድ 400 ኪሎሜትር ገደማ የሚጓዘው የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጎርፍ ከመሬት በ10 የመሬት ሬዲየስ ርቀት ግድም በመግነጢሳዊ መስካችን ይገታና ዙሪያውን ያልፋል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው የግፊያው ምልክት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ መስኩ 36,000 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ አሃድ) ገደማ ነው፤ መካከለኛ መግነጢሳዊ ማዕበል የሚያወዛውዘው ግን 100 ናኖቴስላ ያህል፣ ማለትም ከ0.3 በመቶ ያነሰ ነው። ይህችን ለመያዝ የተጠቀምኩት አርኤም3100 የሚባለውን ባለ ሦስት አቅጣጫ የመግነጢሳዊ መስክ ሴንሰርና ንባቡን የሚቀበል ኢኤስፒ32 የተባለ አነስተኛ የኮምፒዩተር ቦርድ ነው።

ሴንሰሩ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት ከነካው አለቀለት። የዑደት ቁጥሩን (የንባቡን ጥራት የሚወስን ቅንብር ነው) 200 ላይ ስተወው አንድ እርከን፣ ማለትም ሴንሰሩ የሚለየው ትንሹ ልዩነት፣ 13 ናኖቴስላ ያህል ይሆናል፣ የራሱ ጫጫታ (መስኩ ሳይለወጥ ንባቡ የሚወዛወዝበት) ደግሞ 15 ገደማ። ይህ ለማዕበል የማይበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን በሴኮንድ 10 ጊዜ አንብቤ የአንድ ደቂቃውን 600 ንባብ ሳማክለው ጫጫታው በስሌት ወደ 0.6 ናኖቴስላ ይወርዳል። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ከ600ው ጥሬ ንባብ መካከለኛውን ቁጥር መምረጥ ነበር። መኪና ሲያልፍ የሚመጣውን ዝላይ ይጥልልኛል ብዬ ነው፤ ውጤቱ ግን በ13 በ13 የሚራመድ ደረጃ ሆነ። ምክንያቱም ከተርታ የተመረጠ ቁጥር ከእርከኑ አይወጣም። አሁን በየሴኮንዱ የ10 ንባብ አማካይ እወስድና ከ60ዎቹ አማካዮች ውስጥ መካከለኛውን እመርጣለሁ። ዝላዩም ይጣላል፣ መስመሩም ለስላሳ ይሆናል።

ቦርዱ ቤት ውስጥ፣ ሴንሰሩ ጓሮ ነው፤ በመካከላቸው 15 ሜትር የኔትወርክ ኬብል አለ። ይህ ርዝመት ሴንሰሩና ቦርዱ ለሚነጋገሩበት አይ-ቱ-ሲ መስመር ከልኩ በላይ ነው፤ በተለመደው 100 ኪሎኸርዝ ንባቡ ይቆራረጣል። ፍጥነቱን ወደ 10 ኪሎኸርዝ አውርጄ፣ ባለ 2.2 ኪሎኦም መጎተቻ ሬዚስተር አድርጌ፣ የዳታውን ሽቦ ከግራውንድ ጋር፣ የሰዓቱን (የክሎክ ምልክቱን) ሽቦ ከ3.3 ቮልቱ ጋር አጣመርኩ። ሁለቱን የምልክት ሽቦዎች በአንድ ጥምዝ ውስጥ ያስገባ ሰው አንዱ በሌላው ላይ ሲጮህ ይከርማል።

ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ነው፣ ውስጡ ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ። ከቆርቆሮ አጥር፣ ከፌሮ ካለው ግንብና ከመኪና ማቆሚያ የቻልኩትን ያህል ራቅሁ። የብረት ተጽዕኖ በርቀት ኪዩብ ስለሚቀንስ ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ተጽዕኖውን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። የቆመ ብረት ችግሩ ትንሽ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ነው ጠንቁ፣ በተለይ ተከፍቶ የሚዘጋ የግቢ በር። ሽቦም ቀላል አይደለም፤ 1 አምፔር ቀጥታ ጅረት የሚያልፍበት ነጠላ ሽቦ በ2 ሜትር ርቀት 100 ናኖቴስላ ይሰጣል፣ ልክ እንደ ማዕበሉ። ብሎኖቹ ሁሉ ፕላስቲክ ናቸው። ቱቦውን ለመደገፍ የሚገባውን አሸዋም ሳልፈትሽ አልጨመርኩም፤ ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ አሸዋው ውስጥ ሳሽከረክር ጥቁር ዱቄት ለብሶ ወጣ። የብረት ማዕድን ነው። ሌላ አሸዋ አመጣሁ።

አቀማመጡን ያስተካከልኩት ኮምፓስ ሳልይዝ ነው፤ የምሥራቁ አቅጣጫ ዜሮ እስኪያነብ ድረስ ሴንሰሩን ማዞር ብቻ። ያኔ የሰሜኑ አቅጣጫ አግድሙን መስክ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ከተማዋ ለመግነጢሳዊው ወገብ (መስኩ ፍጹም አግድም ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ ስለሆነች የቁሙ ንባብ ትንሽ ነው፤ ሴንሰሩ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ግን ቁሙ 600 ናኖቴስላ ያህል ሲዛባ አግድሙ የሚዛባው በጥቂቱ ብቻ ነው። መረሬ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ቱቦውን ማንቀሳቀሱ ስለማይቀር የማምነው አግድሙን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ቀን ቀን፣ በ105 ኪሎሜትር ከፍታ ግድም፣ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። አግድሙን መስክ በየቀኑ በአሥሮች፣ ሲበረታም እስከ 100 ናኖቴስላ ከፍ ያደርገዋል፤ ማዕበል ባይኖርም። የማዕበልን ጥንካሬ የሚያሳየው የዲኤስቲ መለኪያ የሚሰላባቸው አራቱ ጣቢያዎች፣ ሄርማነስ፣ ካኪዮካ፣ ሆኖሉሉና ሳን ህዋን፣ ከዚህ ጅረት የራቁ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የሚለካ ሰው ግን ሊሸሸው አይችልም።

ሙቀትም በንባቡ ላይ ይህን የቀን ጅረት የመሰለ ጉብታ ይሠራል። ሴንሰሩን መሬት ላይ በሣጥን ሳስቀምጠው ያየሁት ጉብታ ጫፉ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። የሰማዩ ጅረት ግን የሚበረታው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ነው፤ ስለዚህ የለካሁት ሣጥኔ ሲግል ነበር። መቅበሩ ይህን አስወገደው፤ ግን ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይዘዋወር በፎም መጠቅጠቅ አለበት። የቀረውን ከሴንሰሩ አጠገብ ባለ ዲኤስ18ቢ20 ቴርሞሜትር አርማለሁ። የእርማቱን ቁጥር የማወጣው ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 11 ባለው ዳታ ብቻ ነው። የቀኑን ከጨመርኩ ስሌቱ የሰማዩን ጅረት እንደ ሙቀት ቆጥሮ ይሰርዘዋል።

ማዕበል ሲመጣ በመጀመሪያ የማየው ከመሬት ወደ ፀሐይ በኩል 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቀት ላይ ያለውን የኤል-1 ነጥብ ዳታ ነው፤ ኤይስ የተባለችው መንኮራኩር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ናት። ነፋሱ በሴኮንድ 400 ኪሎሜትር ከሆነ 62 ደቂቃ፣ 800 ከሆነ ግማሹን ይወስድበታል። ግፊቱ የጥግግቱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ነው፤ 10 እጥፍ ሲጨምር ነፋሱ የሚገታበት ድንበር ከ10 ወደ 6.8 ሬዲየስ ይገፋል። ያኔ አግድሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ ይዘላል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የነፋሱ መስክ ወደ ደቡብ ማዘንበሉ ነው፤ ካዘነበለ ከእኛ መስክ ጋር ይቆራኝና ኃይል ይገባል፣ በመሬት ዙሪያ የሚዞረው ጅረት ይበረታል፣ አግድሙም ለሰዓታት ይወርዳል። ወደ ሰሜን ከሆነ ዝላዩ ብቻ ታይቶ ነገሩ ሊበርድ ይችላል። ኤል-1 ላይ ምንም ሳይኖር የመጣ ዝላይ የጎረቤት መኪና ነው።

ንባቡን የለመድኩት በግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ማዕበል ክፍት ዳታ ነው። ዝላዩ የመጣው ከምሽቱ 2፡05 ግድም ስለነበር የቀኑ ጅረት አያደናግርም፤ ዲኤስቲም ሊነጋ ሲል ከ-400 ናኖቴስላ በታች ወረደ።

ሰዓትን በተመለከተ፣ ከንጋት የሚጀምረው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ሲነበብ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ግሪንዊች ብቻ ይጻፍ። ቦርዱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ካላገኘ ከ1970 እንደገና ስለሚጀምር ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል ጨመርኩ። የሞጁሉ ክብ ባትሪ ሽፋን ማግኔት የሚስበው ስለሆነ ቤት ውስጥ ከቦርዱ ጋር ይሁን እንጂ ከሴንሰሩ ጋር አይቀበርም።