ሣር ላይ ይሮጣል፣ አስፋልት ላይ ያነክሳል

ውሻችንን መብረቅን ያመጣነው ከሩጫ ውድድር የወጡ ውሾችን ከሚያስጠጋ ድርጅት ነው። የምንኖረው ምሥራቅ ለንደን ነው። ዘሩ ግሬይሀውንድ ነው፤ ሲመጣ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፣ አራት አልሞላውም። በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ንቅሳት አለው። ይህ የአየርላንድ ልጅ መሆኑን ይናገራል፤ እዚሁ እንግሊዝ የተወለዱት የሚነቀሱት ቀኝ ጆሯቸውን ብቻ ነው። እዚህ አገር ሜዳ ላይ ከሚሮጡት አብዛኞቹ ከአየርላንድ የሚመጡ ናቸው። ልጄ «ኃይሌ እንበለው» ብላ ነበር። የሰው ስም፣ ያውም የኃይሌ፣ ለውሻ አይሰጥም ብዬ ከለከልኩ።

መብረቅ ብንለውም ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚውለው። ይህ ዘር በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ግን ለደቂቃ እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ነው።

ማነከስ የጀመረው ቤቱን ከለመደ በኋላ ነው። አልወደቀም፣ አልተጋጨም፣ አልተነከሰም። አንድ ጠዋት ከቤት ወጥተን የእግረኛ መንገዱን ስንይዝ የግራ የፊት እግሩን ቆጠብ ቆጠብ ማድረግ ጀመረ። እብጠት የለም፣ ቁስል የለም፣ ጥፍሩም ደህና ነው።

የትኛው እግር እንደሆነ ማወቅ ራሱ ቀላል አይደለም። የፊት እግሩን የሚያመው ውሻ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ግን ጭንቅላቱ ዝቅ ያለበትን ጎን የታመመ ይመስለዋል። እኔ ልጄ ማሰሪያውን ይዛ ስታራምደው በስልኬ በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ግራው ነው።

መጀመሪያ የሄድነው ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ እግሩን ከትከሻ እስከ ጣት አጣጥፎ ዘረጋጋው። መብረቅ ምንም አላለም። እነዚህ ውሾች ሕመም ችለው ዝም ይላሉ፤ ክሊኒክ ሲገቡ ደግሞ በድንጋጤ ማነከሳቸውንም ይረሱታል። እረፍትና ፀረ-ብግነት መድኃኒት ታዘዘለት። ሲያርፍ ተሻለው። ለነገሩ ከሶፋ ካልወረደ እንዴት ያነክሳል? መንገድ ስንጀምር ተመለሰበት። መድኃኒቱ እያለም ያነክስ ነበር። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አንዲት ወዳጄ ቡና እየጠጣን «ግማሽ አይቡፕሮፌን ስጪው፣ ምን ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል! አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። የሰው ማስታገሻ ለውሻ በግምት አይሰጥም፤ ሐኪም መጠኑን ካላዘዘ በቀር።

ቀጥሎ ራጅ መጣ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በስልክ ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። «ለውሻ ራጅ? እኛ ለሰው ወረፋ ይዘን!» እውነቷን ነው። የኛ ቤት ውሻ ግቢ የሚጠብቅ ነበር፤ ሲያነክስ እስኪሻለው ያነክሳል።

እዚህ ግን ሐኪሙ ለመቸኮል ምክንያት ነበረው። ግሬይሀውንድ ለአጥንት ካንሰር የተጋለጠ ዘር ነው። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የፊት እግር ላይ ነው፤ ከአንጓው ከፍ ብሎ ወይም ከትከሻው ሥር። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ውሾች ላይ ነው፤ ወጣት ነው ብሎ መተው ግን አይቻልም። ከዚያ ሌላ የሩጫ ጉዳት አለ። ሜዳው ክብ ነው፤ የሚሮጡትም ወደ ግራ እየታጠፉ ነው። ስለዚህ አጥንታቸው የሚሰበርበት ቦታ ይታወቃል፤ የቀኝ የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት አንዱ ነው። በፊት እግር ደግሞ የመዳፍ አጥንቶች ይሰነጠቃሉ። ሐኪሙ እነዚህን ሁሉ ፈለገ። ራጁ ንጹህ ሆኖ ወጣ። ደስ አለኝ፣ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም። ካንሰሩ ገና ሲጀምር ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ እንድገመው ተባለ።

ለራጁ መተኛት ነበረበት። ግሬይሀውንድ ያለው ሰው ስለ ማደንዘዣ ሳይጠይቅ ፊርማ ባያስቀምጥ ጥሩ ነው። ሰውነታቸው ስብ የለውም፣ ጉበታቸውም አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያስወጣው ቀስ ብሎ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ መድማት ይታይባቸዋል። የደም ምርመራቸውም ከሌላው ውሻ ይለያል። ቀይ የደም ሕዋሳቸው ብዙ ነው፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌታቸው ያንሳል፣ የታይሮይድ ሆርሞናቸው ዝቅ ይላል። የመብረቅ ውጤት ሲመጣ ታይሮይዱ በቀይ ተጽፎ ነበር። ለዘሩ የተለመደ መሆኑን የማያውቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ኪኒን ሊያስውጠው ይችላል።

ቀጣዩ ሐሳብ ሲቲ ስካን ነበር። ምናልባት ክርኑ ነው፣ ምናልባት ከአንገቱ የሚመጣ ነርቭ ነው። ሂሳቡ በሺህ ፓውንድ ይቆጠራል። ኢንሹራንስ አለን፤ ግን ከወጪው የኛ ድርሻ ይቆረጣል፣ ዓመታዊ ክፍያውም ይጨምራል። «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አልኩ። ደብተር ገዛሁ።

በየቀኑ የምጽፈው ጥቂት ነገር ነበር፤ የት እንደሄድን፣ ከእግሩ በታች ምን እንደነበረ፣ ምን ያህል እንዳነከሰ። ለማነከሱ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እሰጠዋለሁ። ልጄ የራሷን ነጥብ ለብቻዋ ትሰጣለች፤ እኔ ስሰጋ ስለማጋንን።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ መልክ ያዘ። ዋንስቴድ ፍላትስ የሚባለው ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ሲሮጥ ዜሮ። እንደ እብድ ክብ እየሠራ ሮጦ፣ በማግሥቱም ዜሮ። ቤት ምንጣፍ ላይ ዜሮ። አስፋልት ላይ ሦስት። ጠጠር የተነጠፈበት መኪና ማቆሚያ ላይ አምስት፤ እንዲያውም አልሄድም ብሎ ቆመ። ከአስፋልቱ ዳር ሣር ካለ ራሱ እየጎተተ ወደ ሣሩ ይወስደኛል። ይህን ሲያደርግ ከርሞ እኔ ሊያሸት የፈለገ መስሎኝ ነበር።

እስቲ አስበው። መገጣጠሚያ ወይም ጡንቻ የሚያመው ውሻ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ሲያበቃ ይብስበታል፤ መብረቅ ግን አልባሰበትም። የሚያሳምመው የመሬቱ ጥንካሬ ነው። እንግዲህ ችግሩ እግሩ መሬት በሚነካበት ቦታ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ያልሠራውም ለዚያ ይመስለኛል።

የግሬይሀውንድ ባለቤቶችን ጠይቄ ይህን ዘር አዘውትራ የምታክም ሐኪም አገኘሁ። ራቅ ትላለች፣ ግን ሄድን። ደብተሩን አነበበች። ጠረጴዛ ላይ አላወጣችውም፤ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ አስኬደችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና የግራ መዳፉን በውኃ አረጠበችው። ደረቅ መዳፍ ላይ የማይታየው ሲረጥብ ይታያል። ከመሐለኛዎቹ ሁለት ጣቶች በአንዱ ሥር፣ በጥቁሩ ቆዳ መሐል፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ግራጫማ ክብ ነበር። ከሥር ወደ ላይ ስትጫነው ደህና ሆነ። ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ስታደርገው እግሩን መንጭቆ ወሰደ። ያ ሁሉ ሰው ሲነካካው ድምፅ ያላሰማ ውሻ ጮኸ።

መጅ ነው። እንግሊዞች ኮርን ይሉታል። እኛ ጠባብ ጫማ ስናደርግ ጣታችን ላይ የሚወጣውን ይመስላል፤ ግን ከላይ የምናየው ጫፉን ነው። ቆዳው ወደ ውስጥ እየጠነከረ እንደ ሾጣጣ ይገባል። ጫማ ውስጥ ጠጠር ይዞ እንደመሄድ ነው። ሌሎች ዘሮች ላይ ብዙም አይታይም፤ ግሬይሀውንድና የቅርብ ዘመዶቹ ላይ ግን የተለመደ ነው፣ በተለይ ክብደት በሚሸከሙት የፊት እግር መሐለኛ ጣቶች። መነሻው አከራካሪ ነው። አንዳንዱ ጫና ነው ይላል፣ ሌላው ቫይረስ፣ ሌላው ተሰክቶ የቀረ ባዕድ ነገር። አጥንት ስላልሆነ ራጅ ላይ አይታይም። የመጀመሪያውን ሐኪም አልወቅስም። ይህ ዘር ሲያነክስ መጀመሪያ ካንሰርን ማሰብ ግዴታ ነው። ብቻ መዳፍ ማርጠብ ነጻ ነው፤ ከራጁ በፊት ቢሆን ምን ነበረበት?

ሐኪሟ እዚያው ያለ ማደንዘዣ በትንሽ መሣሪያ ዙሪያውን እየፈለፈለች ጠንካራውን አወጣችው። ደም አልወጣም። መብረቅ በጎኑ ተኝቶ አይብ እየበላ ነበር። ወደ መኪናው ሲመለስ በጠጠሩ ላይ በአራቱም እግሩ ሄደ። እኔ አለቀስኩ፣ ልጄ አፈረችብኝ።

ሐኪሟ ግን እዚያው አስጠንቅቃኝ ነበር። ሥሩ ስለሚቀር ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ተመለሰም። መፈልፈሉን እየደጋገምን፣ መንገድ ላይ ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የውሻ ጫማ አደረግንለት። ጫማው ቤት ሲገባ ይወልቃል፤ መዳፉ ከታፈነ ይቆስላል። የሰው የመጅ ፕላስተር አልሞከርኩም፤ አሲድ አለው፣ ውሻ ደግሞ ይልሰዋል።

መጁን ራሱን ቆርጦ ማውጣትም አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ጣት መቁረጥ ደግሞ የመጨረሻ ነገር ነው፤ የቀሩት ጣቶች ጫናውን ይወርሱታል። እኛ የመረጥነው የዚያን ጣት ጅማት መቁረጥን ነው። ጣቱን ወደ ታች የሚያጥፈው ጅማት ሲቆረጥ ጣቱ ጠፍጠፍ ይላል፣ መዳፉ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ መጁም ቀስ በቀስ ሊጠፋ ይችላል። ከቀዶው በፊት ስለ ደም መፍሰሱ ጠየቅኩ፤ የደም መርጋትን የሚረዳ መድኃኒት አዘጋጅተው ነበር። አሁን ያ ጣት ትንሽ ቀና ብሏል፣ ጥፍሩም መሬት ስለማይነካ ቶሎ ቶሎ መቆረጥ አለበት። በአስፋልት ላይ ነጥቡ ዜሮ ነው፤ ዝናብ ዘንቦ ሲደርቅ አንዳንዴ አንድ።

ራጁን ከሳምንታት በኋላ ደግመነዋል። መልሱ ቢገኝም ሐኪሞቹ ያሉት ምክንያት አልጠፋም፤ አንድ ውሻ መጅም ካንሰርም ሊኖረው ይችላል። ንጹህ ነበር።

መዳፉን አሁን በየሳምንቱ አረጥቤ አያለሁ። በቅርቡ በቀኝ እግሩ አንድ ጣት ላይ አዲስ ክብ አይቻለሁ። ገና አያነክስበትም። ፎቶ አንስቼ ለሐኪሟ ልኬያለሁ፣ ቀጠሮም ይዣለሁ።