92 ከመቶ የሸፈነው ጉድለት

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የዓሣ ማዘጋጃ ድርጅት የንጽሕና ቁጥጥሩን ስረከብ፣ የቆየው የፍተሻ ቅጽ 50 ጥያቄዎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 2 ነጥብ ይይዛል፣ ዒላማው ደግሞ 90 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ፍተሻዬ 92 አገኘን። በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቆሮሶ ዓሣ ፊሌቶ (ከአጥንቱ የተለየ ሥጋ) ስለካው፣ ወደ 0 ዲግሪ መጠጋት ሲገባው 11 ሆኖ አገኘሁት። በቅጹ ስሌት ይህ የሚያስቀንሰው 2 ነጥብ ነው፤ የተላላጠ የግድግዳ ቀለምም የሚያስቀንሰው ያንኑ ነው። በላተኛን የሚያሳምም ጉድለት በሌላ ነጥብ መካካሱን ዛሬም ልቀበለው አልችልም።

ስለዚህ የዓሣውን ሙቀት፣ የማጽጃውን የክሎሪን መጠን፣ የምንጠቀምበትን ውኃ፣ የሠራተኛውን ጤናና የእጅ መታጠቢያውን ከድምሩ አወጣሁ፤ ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳ የዕለቱ ውጤት «አላለፈም» ተብሎ ይመዘገባል።

ይበልጥ ያስተማረኝ የቢላዋ መንከሪያው፣ ማለትም ቢላዎቹ የሚጸዱበት የክሎሪን ውኃ ነው። ጠዋት ሲለካ በሊትር 100 ሚሊግራም ክሎሪን ያሳያል፤ ቅጹም የሚሞላው በዚያ ሰዓት ነበር። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ፊሌቶ አውጪ እናት፣ «እርስዎ የሚመጡት ጠዋት ነው፤ ውኃው የሚበላሸው ግን ረፋድ ላይ ነው እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ደምና ቅርፊት ክሎሪኑን ስለሚያሟጥጡት፣ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ የነከርኩት መመርመሪያ ወረቀት ቀለሙን አልለወጠም። ከዚያ ወዲህ «መንከሪያው ንጹሕ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሰርዤ፣ ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት እንደሚለካ ጻፍኩ። ሁለት ፈታሾች ለአንድ መንከሪያ 0 እና 2 የሚሰጡበት ጊዜም በዚሁ አበቃ።

መለኪያውም ራሱ መፈተሽ ነበረበት። አንድ ባልደረባችን በፈላ ውኃ ውስጥ 94 ያነበበውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነውና፣ ማረጋገጫውን በበረዶ ውኃ፣ በ0 ዲግሪ አደረግነው።

የኔ ስሕተት ደግሞ ዒላማውን ሳልለካ መቁረጤ ነው። ጠረጴዛው ላይ ላለው ዓሣ የሙቀት ዒላማውን 2 ዲግሪ ብዬ ወሰንኩ፤ በረዶ የሚመጣው ማለዳ አንድ ጊዜ ብቻ ስለነበር ሊደረስበት አልቻለም፣ መዝገቡ ግን ቀኑን ሙሉ 2፣ 2፣ 2 ይል ነበር። ለአራት ሳምንት ያለ ቅጣት የእውነቱን እንዲጽፉ ካደረግሁ በኋላ፣ ሙቀቱ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እንደሚያሻቅብ ታየ። ያንን መዝገብ ይዤ ለሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ የበረዶ ጭነት ጠየቅሁ፤ ዒላማውን 4 ዲግሪ ያደረግሁት በረዶው መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው።