ከኦስኪ የጠፋው አስታማሚ

የሕክምና ተማሪ የነበረ ሰው ኦስኪ ሲባል ሆዱ ይገለባበጣል። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር፣ የሕክምና ተማሪዎች የተግባር ፈተና ነው። በመጋረጃ የተከፋፈሉ ክፍሎች ይዘጋጃሉ፣ ስቴሽን እንላቸዋለን። ተማሪው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነባል፣ ይገባል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የተባለውን ይሠራል፣ ደወል ይጮኻል፣ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። አንዱ ጋ ደረት ያዳምጣል፣ አንዱ ጋ ለአሻንጉሊት ትንፋሽ ይሰጣል፣ አንዱ ጋ ራጅ ያነባል፣ አንዱ ጋ ደግሞ ታማሚ ሆኖ እንዲተውን የሰለጠነ ሰው ቁጭ ብሎ "ሦስት ሳምንት አሳለኝ፣ ማታ ማታ ያልበኛል" ይለዋል። እኔ ፈታኙ ጥግ ላይ ቼክሊስት ይዤ ተቀምጬ ምልክት አደርጋለሁ።

ኦስኪን ያመጣው ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ከዳንዲ። ጤነኛን ሰው ታማሚ አድርጎ ማሰልጠን ግን ከዚያም ይቀድማል፤ ሃዋርድ ባሮውስ የሚባል የነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው የጀመረው።

እኔ ኦስኪን እደግፋለሁ። ለምን ቢባል የድሮውን ፈተና ስለማውቀው። ሎንግ ኬዝ ይባላል፣ ተማሪው አንድ እውነተኛ ታማሚ ተሰጥቶት በእሱ ይፈተናል፤ እጣ ነበር። አንዱ ተማሪ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁልጭ አድርጎ የሚነግረው ታማሚ ይደርሰዋል፣ ጓደኛው ደግሞ ጆሮአቸው በደንብ የማይሰማ፣ ጣፊያቸው አብጧል አላበጠም በሚለው ሲኒየሮቹ ራሳቸው ያልተስማሙባቸው አባት ይደርሱታል። ከዚያ ደግሞ የፈታኙ ጸባይ አለ። ጠዋት በምን እግሩ እንደተነሳ እግዜር ይወቅ። ኦስኪ ቢያንስ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል፣ የሚያርሙትም ብዙ ሰዎች ናቸው።

ግን ፈታኝ ሆኖ ለተቀመጠ ሰው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ብዙ ነው። ተማሪው ገና እንደገባ ሁለት እጁን አየር ላይ እያሻሸ "እጄን ታጥቤያለሁ" ይለኛል። ለኔ ነው የሚናገረው፣ ታማሚዋን ዞር ብሎም አላያት። ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት የሚለማመዱበት የጎማ ክንድ ደግሞ ከነሱ በፊት የመጡት ሁሉ ስለወጉት ቀዳዳው በዓይን ይታያል። ተማሪው የደም ሥር አይፈልግም፣ ቀዳዳውን ተከትሎ ይወጋል። ሙሉ ማርክ! በማግስቱ ዋርድ ገብቶ ፈሳሽ ያለቀበት የሕፃን እጅ ሲያገኝ ምን እንደሚውጠው እንጃ።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው፣ ጎማው ይቀየራል። እኔን የሚያናድደኝ ከባድ ዜና የመናገር ስቴሽን ነው።

ቼክሊስቱ ይህን ይላል፤ ሰው የሌለበት ክፍል ምረጥ፣ ታማሚዋ የምታውቀውን ጠይቃት፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠይቃት፣ ቀስ ብለህ ንገራት፣ ዝም በል፣ አጽናናት፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ንገራት። ስፓይክስ የሚባለው አካሄድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከአሜሪካ የወጣ። መጥፎ አይደለም፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ መኖሩ ነው። ሐኪምና ታማሚ። እስቲ አገራችን ውስጥ ብቻውን የተኛ ታማሚ ስንት አይታችኋል? አስታማሚው የት ሄደ?

እውነተኛው ዋርድ እንዲህ ነው። ውጤቱ ይመጣል፣ ካንሰር ነው። ገና ወደ አልጋው ሳትደርስ ትልቁ ልጅ ኮሪደር ላይ ጋውንህን ይይዝሃል። "እባክዎ ዶክተር፣ ለእሷ እንዳይነግሯት። ለኛ ይንገሩን።" ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በሚነገርበት አገር ነው ያደገው፤ እናቱን በአንድ ጎረምሳ ሐኪም አፍ ዜናው ድንገት እንዲመታት አይፈልግም። ለአስታማሚነት ከሥራው ቀርቷል፣ ጓንቱንም መድኃኒቱንም ከውጭ የሚገዛው እሱ ነው። ስቴሽኑን ደፍኖ ያለፈው ኢንተርን፣ ማለትም ተለማማጅ ሐኪም፣ እዚህ ጋ ይደነግጣል። አንዳንዱ እሺ ብሎ ሁሉን ለልጁ ዘርግፎ ይሄዳል፣ እናትየዋ ለምን መርፌ እንደምትወጋ ሳታውቅ ትከርማለች። አንዳንዱ ደግሞ የታማሚ ምስጢር ነው ብሎ ልጁን ገፍትሮ ያልፋል።

የሚችሉበትን አይቻለሁ። ልጁን ቁጭ ያደርጉትና ምን እንደሚፈራ ይጠይቁታል። ከዚያ እናትየዋን "ስለ ሕመምዎ ለእርስዎ ነው የምንነግርዎ ወይስ ልጅዎ ቢሰማልዎ ይሻላል?" ይሏታል። ብዙ ጊዜ እሷ ቀድማ ጠርጥራለች። ይሄ ችሎታ ነው፣ ይለመዳል፣ ይፈተናልም። አስር ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ተዋናይ መጨመር ብቻ ነው።

ለምን አልተጨመረም? የኛ ስቴሽኖች አብዛኞቹ ለውጭ ፈተና ከተዘጋጁ ፒዲኤፎች የተቀዱ ይመስለኛል። ለእንግሊዙ ፕላብ፣ ውጭ የተማረ ሐኪም እዚያ ለመሥራት ለሚፈተነው ፈተና፣ የሚዘጋጁ ጓደኞቼ ማንቸስተር ሄደው ስምንት ስምንት ደቂቃ የሚፈተኑባቸውን ጥያቄዎች በቴሌግራም ይለዋወጣሉ፣ እኛም ከዚያው እንቀዳለን። አሜሪካኖቹ ስቴፕ ቱ ሲኤስ የሚባለውን የነሱን የተግባር ፈተና እ.ኤ.አ. በ2021 ጨርሰው ዘግተውታል፤ ከ1,000 ዶላር በላይ ከፍሎ፣ ቪዛ ለምኖ፣ ከአምስቱ የአሜሪካ ከተሞች ወደ አንዱ የበረረ የኛ ሐኪም ያስታውሰዋል። እነሱ ለራሳቸው ሆስፒታል የሚሆን ሐኪም ለመለየት ነው የሠሩት። እኛስ?

አስታማሚው ከገባ ሌላም ይገባል። ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት፣ አስተርጓሚው ደግሞ የባላቸው ወንድም፣ ጥያቄው ስለ ማህፀን ፈሳሽ። ይሄን ማን አሠለጠነን?

ባልደረቦቼ ሁለት ተዋናይ ከሆነ ፈተናው ለሁሉም እኩል አይሆንም፣ ብርም የለም ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት አለው፣ ልምምድ ይፈልጋል። ሁለተኛው አይዋጥልኝም። ለኛ የሚተውኑት የጽዳት ሠራተኞችና የታችኛው ባች ተማሪዎች ናቸው፣ ምሳና ትራንስፖርት ነው የምንከፍላቸው። አስታማሚን ደግሞ ከኛ በላይ ያውቁታል። ባለፈው እናት ሆና የተወነችው የጽዳት ሠራተኛ ሲያልቅ "ያኛው ልጅ እንደቆመ ነው የነገረኝ። ለሰው እንዲህ ይነገራል?" አለችኝ። የኛ ቼክሊስት ላይ ስለ መቀመጥ የሚል መስመር አልነበረም። ተማሪው ግን ጥሩ ማርክ አግኝቷል።

ለሚቀጥለው ዙር በር ላይ የሚለጠፈውን ጽፌያለሁ። "ታማሚዋ 58 ዓመታቸው ነው። የናሙናው ውጤት የጡት ካንሰር መሆኑን ያሳያል። ልጃቸው በር ላይ እየጠበቀዎት ነው። 10 ደቂቃ አለዎት።" አብሮኝ የሚፈትነው ሲኒየር ወዶታል። የተጣላነው ማርኩ ላይ ነው። ተማሪው እናትየዋን ሳይጠይቅ ለልጁ አስቀድሞ ከነገረስ? እሱ ይውደቅ ይላል። እኔ ከዚያ በኋላ ተመልሶ እናትየዋን ካነጋገራት ግማሹን እሰጠዋለሁ።